ፏፏቴው ያልወሰደው ሰው

ይድረስ ለልጄ አባት፦

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ይጠይቃል። እኔም «እንደምን ከርመሃል» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ጥቁር ለብሼ ያለቀስኩለትን፣ እርሙን ያወጣሁለትን ሰው እንደምን ከርመሃል ብዬ እንዴት ልጠይቀው? ቢሆንም ክረምት በመጣ ቁጥር ደረትህን እንደሚያምህ ጽፈህልኛልና፣ አሁን ተሻለህ ወይ? የጄኖቫ የባሕር እርጥበት ለደረት አይሆንም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሬጉላ ደህና ናት፤ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። እኔም ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

አጠገብህ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ብቻህን ከሆንክ እስቲ ቁጭ በል። እናትህ የለችም። በሚያዝያ፣ በረዶው ሜዳውን ሲለቅ፣ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ አርፋለች። አለመስማትህ የገባኝ ደብዳቤህን የዘጋኸው «እማማን ሳሚልኝ» ብለህ ስለሆነ ነው። መርዶ በወረቀት መነገር አልነበረበትም። ሌላ መንገድ ግን አላስቀረህልኝም።

ደብዳቤህን ያመጣው ፖስተኛው መልኪዮር ነው። ፖስታውን እያገላበጠ «ከጣልያን ነው፤ እዚያ ደግሞ ማን አላችሁ?» አለኝ። የእጅ ጽሕፈትህን እንዳየሁ ፖስታውን ከእጁ ወሰድኩት። «የአክስቴ ልጅ» አልኩት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ያነበብኩት መሬት ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠጉር አስተካካይ ቤት ተራ ስትጠብቅ መጽሔት አገላበጥኩ ብለሃል። የመጽሐፋቸውን መርማሪ ሊዘክሩ ወደ መንደራችን የሚመጡት እንግሊዞች ያንን የድሮ ልብስ ለብሰው ራይኸንባኽ ፏፏቴ ሥር የተነሱትን ፎቶ አየህ። ከኋላቸው የገመድ ባቡሩን በር ይዛ የቆመች ልጅ ነበረች። «እናቴ ወጣት ሆና የተመለሰች መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም» ብለህ ጽፈሃል። አልተሳሳትክም፤ ሬጉላ አገጯም አቋቋሟም የእናትህ ነው። ቲኬት እየቆረጠች ትሠራለች።

ልምጣ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ትተኸው የሄድከውን ልንገርህ። አንተ የምታውቀው እስከ ገደሉ አፍ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የኖርነው እኛ ነን።

አንተ ስትመራው የነበረው የዙሪኩ የጥርስ ሐኪም ቬተርሆርን ተራራ ላይ ገመዱ ተበጥሶ ከሞተ ወዲህ እንዴት እንደሆንክ አልረሳሁም። መርማሪዎቹ ገመዱን የበላው ድንጋይ ነው ብለው ነፃ ቢያወጡህም፣ መጠጥ ቤት ስትገባ ወሬው ይቋረጥ ነበር። «ራሱን ለማዳን ቆርጦት ነው» የሚለው ሹክሹክታ ለእኔም ደርሶኛል። ተራራ መምራቱን ተውክ። የቀረህ ሥራ የሆቴሉን እንግዶች ወደ ፏፏቴው እየወሰዱ የእንግሊዙን መርማሪ የመጽሐፍ ታሪክ መተረክ ብቻ ሆነ።

እሱን ታውቅበት ነበር። ለመርማሪው ቀጭን ድምፅ፣ ለጠላቱ ወፍራም ድምፅ ነበረህ። ሁለቱ ተናንቀው ገደሉ ውስጥ ገቡ ስትል ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ጥቂት ዝም ትልና፣ መርማሪው አለመሞቱን፣ ከገደሉ ወገብ በደረቱ ተኝቶ የሚፈልጉትን ሰዎች ቁልቁል ሲያይ እንደነበር፣ ከዓመታት በኋላም ወዳጁ ቤት ሰተት ብሎ እንደገባ ትነግራቸዋለህ። ያጨበጭባሉ። ወዳጁ እነዚያን ዓመታት እንዴት አሳለፋቸው ብሎ የጠየቀህ አንድም እንግዳ ትዝ አይለኝም።

በጠፋህበት ጥቅምት ኮፍያህንና የበረዶ መጥረቢያህን ፏፏቴው አፍ ካለው ድንጋይ ላይ ያገኘው ኮንራድ ነው። ከጎረምሳነታችሁ ጀምሮ በአንድ ገመድ ታስራችሁ የወጣችሁት ኮንራድ። እየሮጠ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ኮፍያውን ብቻ ዘረጋልኝ። ሬጉላ ገና በዳዴ የምትሄድ ሕፃን ነበረች፤ ኮፍያውን ከእጁ ነጥቃ ራሷ ላይ ደፋችውና ሳቀች።

በማግሥቱ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሰዎች ሬሳህ እንዲፈለግ ውሃውን ከላይ በሌላ በኩል መልሰው ፏፏቴውን አደረቁልን። አንተ ያን አላየህም። ጥቁርና ርጥብ ድንጋይ ብቻ ቀረ፤ ከሥሩ የደፈረሰ ኩሬ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮዬ ርቆ አያውቅም ነበርና ዝምታው አስፈራኝ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር። እናትህ ዝም ማለቱን ስትሰማ «እንግዲህ አሁን ይሰማኛል» አለችና ስምህን ጠራች። ገደሉ መልሶ ጠራት። እንደገና ጠራች። ፓስተሩ ትከሻዋን ይዞ ሊያስቀምጣት ሲል «ተወኝ፣ ልጄን እያነጋገርኩ ነው» አለችው።

ኮንራድ በገመድ ታስሮ ኩሬው ድረስ ወረደ። ሌሎቹ በረዷማ ነው፣ ነገ ይሁን ቢሉትም «ነገ ውሃውን ይለቁታል፤ ሚስቱ የምትቀብረው ነገር ያስፈልጋታል» ብሎ እንቢ አላቸው። ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ ዳሌውን መታው። በቃሬዛ ሲያወጡት ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር፤ እኔን ሲያይ «አላገኘሁትም፣ ይቅርታ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተራራ ወጥቶ አያውቅም። በዱላ ነው የሚሄደው። ለቱሪስት ከእንጨት ድብና ላም እየቀረጸ ይኖራል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን መልስልኝ። ወደ ፏፏቴው የወጣሁት ልሞት ነበር ብለሃል። ይህን አምንሃለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ሳለ ያ ስትተርከው የኖርከው ታሪክ መጣብህ፤ ኮፍያህን ትተህ በግሪምዘል ተራራ መተላለፊያ በኩል ተሻግረህ ወደ ጣልያን ወረድክ። ይህንንም አምንሃለሁ። ግን በማግሥቱ የት ነበርክ? እንደ ታሪኩ ሰውዬ ከላይ በደረትህ ተኝተህ ታየን ነበር ወይ? እናትህ ስትጣራ ሰምተሃል? ኮንራድ ሲመታ አይተሃል? ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን የጻፍከው የለም። ሩቅ ከነበርክ ሩቅ ነበርኩ በለኝ።

እናትህ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት ሾርባና ዳቦ ይዞ ሲመጣ እንደ ተራ እንግዳ ታስተናግደው ነበር። «ሬሳውን አሳዩኝና ልጮህ» ትል ነበር። እኔ ግን ልጅ የታቀፍኩ ሴት ነኝ፤ መበለት ልሁን ባል ያለኝ ልሁን ማወቅ ነበረብኝ። በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል። አንድ ቀን ሸሚዞችህን ለድሃ ልሰጥ ሳወጣ ከእጄ ቀማችኝና አጥባ ሰቀለቻቸው። «ሲመጣ የሻገተ ልብስ ይልበስ እንዴ?» አለችኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ እያጠበች ነፋስ ላይ ታሰጣቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን እነዚያን ሸሚዞች ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እምነቷን ያጸናላት ማን መሰለህ? ያ የእንግሊዙ ሰውዬ ነው። በሰኔ እንግሊዞቹ እንደ መርማሪው ካባቸውንና ጆሮ ሸፋኙን ኮፍያ አድርገው መጡ። እናትህ ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ ታጥብ ስለነበር መምጣታቸውን አስቀድማ አወቀች፤ እንጆሪ ልንሸጥላቸው አብረን ወጣን። ሚስ ሃዝልዲን የምትባል አሮጊት አበባ አስቀምጣ ታለቅሳለች።

«ይህቺ የማንን ሞት ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ እናትህ።

«የመጽሐፉን ሰውዬ።»

«መች ኖረና ይሞታል?»

ለሚስ ሃዝልዲን ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገችና አስረዳችን። ደራሲው ሰውዬው ስለሰለቸው ፏፏቴው ውስጥ ጥሎ ገደለው። አንባቢው ግን አልቀበልም አለ፤ ተቆጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ጥቁር ያሰሩም ነበሩ ይባላል። በመጨረሻ ደራሲው እጁን ሰጠና መለሰው።

«መለሰው?» አለች እናትህ።

«መለሰው።»

«ሕዝቡ ስለጮኸ ብቻ?»

«ስለጮኸ።»

 እሑድ ፓስተሩን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያዘችው። «ያልተወለደ ሰው በጩኸት ከተመለሰ፣ እኔ አምጬ የወለድኩት የማይመለስበት ምክንያት ምንድን ነው? ለማን ነው የሚጻፈው?» አለችው።

«ለእግዚአብሔር ነው፣ በጸሎት፣ እማማ» አላት።

«ለእሱማ ጽፌ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሌላ የሚመልስ የለም ወይ?»

ፓስተሩ ሊስቅም ሊቆጣም አልቻለም። እኔ በኀፍረት አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። መንደሩ «አሮጊቷ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶባታል» አለ። እኔም ብያለሁ። አሁን ማን ትክክል እንደነበረ አየኸው። ይህን ሳስብ ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ አላውቅም።

ፍርድ ቤት ሞተሃል ብሎ ወሰነ። ባዶ መቃብር ላይ ስምህን የያዘ ድንጋይ አቆምን። እናትህ አባትህን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር በአጠገቡ ታልፋለች፤ ዞር ብላ አይታው አታውቅም።

ሬጉላ ደግሞ በዚያ ፏፏቴ ሥር አደገች። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሁሉ «የወደቀው የት ጋ ነው?» እያለ ይጠይቃታል። ልጅ ሳለች በጣቷ ታሳያቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ወፍራም ጀርመናዊ ሚስቱን አቅፎ ሲጠይቃት «የትኛው? የእናንተው ወይስ የእኔ?» አለችው። ሰውዬው አልገባውም። አብራት የምትሠራው ልጅ ነግራኝ ነው እንጂ እሷ አልነገረችኝም። ማታ እራት ላይ ፊቷን ሳይ አመሸሁ፤ ድንቿን በአይቧ እየበላች እንደ ወትሮዋ ታወራለች። ሐዘን የላትም ብዬ ነበር የማስበው። ያሳደግኋት እኔ ነኝና ደብቃ መያዝ ተምራለች።

ስለ ኮንራድ መጻፍ አለብኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያነሳው ሰው ስላልነበረው እኛ ቤት አመጣነው። እናትህ ናት ያመጣችው፤ «ልጄን ሲፈልግ ነው የተሰበረው» ብላ። ሲድን ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሑድ እሑድ ግን እየመጣ ይበላል። እንጨት ይፈልጥልናል፤ ሬጉላን ፊደል ያስቆጠራት፣ መዋኘት ያስተማራት እሱ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ላግባሽ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት እናትህ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ባል ያላት ሴት ናት» አለችው።

«እማማ፣ እኔ ራሴ እኮ ወርጄ ፈልጌዋለሁ» አላት።

«አላገኘኸውማ» አለችው፤ ሾርባ ጨመረችለት።

እሱም ሳቀና ጠጣ። እሷ በሕይወት እያለች ዳግመኛ አላነሳውም። በእሷ ቤት፣ እሷ እየጠበቀችህ፣ እኔም እሺ ልለው አልቻልኩም። እንዲህ ሆነን ጠጉራችን ሸበተ። በሚያዝያ ቀበርናት። በሐምሌ ኮንራድ እንደገና ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ፓስተሩ ለሠርጋችን የመስከረምን የመጨረሻ ቅዳሜ ያዘልን። ልብሴን እየሰፋሁ ሳለ ነው የአንተ ደብዳቤ የመጣው።

ለጥቂት ቀን ደበቅኩት። እንዳቃጥለውም አስቤ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሞቷል ብሏል፣ ድንጋዩ ሞቷል ይላል፣ አንተም ራስህ ሞቻለሁ ብለህ ነው የሄድከው፤ ምድጃው ውስጥ ብጨምረው የሚከሰኝ አልነበረም። ግን ኮንራድ የሠርግ ጫማዬን ቁጥር ሊጠይቀኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁት።

እንጨት ወደሚቀርጽበት ሥራ ቤቱ አብረን ሄደን ቀስ እያለ አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን የእንጨት ፍርፋሪ እፍ አለና አጥፎ አስቀመጠው። «አሮጊቷ ረታችን» አለ። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። በምን በኩል እንደሄደ አውቄ ተከተልኩት። ከተመታ ጀምሮ ረግጦት የማያውቀውን ያንን አቀበት እያነከሰ ወጥቶ ፏፏቴው ሥር ተቀምጧል። በነሐሴ ውሃው እንዴት እንደሚሞላ ታውቃለህ፤ ሁለታችንም ረጥበናል። በጆሮዬ ተጠግቶ ካልጮኸ አልሰማውም ነበር።

«በከንቱ ነበር የወረድኩት ማለት ነው» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደስ ብሎኛል። በሕይወት በመኖሩ ደስ ብሎኛል። ባገኘው ደግሞ አጥንቱን ብሰብረው ደስ ይለኛል።» ከዚያ «ይምጣ በይው። ግን እንደሄደው በተራራ ሾልኮ አይምጣ። በባቡር ይምጣና በጣቢያው በር፣ ሰው ሁሉ እያየው ይውጣ» አለኝ።

ስንወርድ ስለ ሠርጉ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን ለአንተ አልጽፈውም።

ሬጉላን በማግሥቱ ነገርኳት። ጠጉሯን እያበጠረች ነበር፤ ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ። «በመጽሐፉ ሰውዬው ሲመለስ ወዳጁ ምን አደረገ?» አለችኝ።

«ራሱን ስቶ ወደቀ ይላል» አልኳት።

«እኔ አልወድቅም» አለችና ማበጠሯን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስለ አንተ ጠይቃኝ አታውቅም። ግን ያንን መጽሔት ከሆቴሉ ለምና አምጥታ ክፍሏ ውስጥ እንዳስቀመጠችው አይቻለሁ። ፎቶው ላይ ያየችውን ራሷን ነው ወይስ በዚያ ወረቀት በኩል ያያትን ሰው ነው የምትፈልገው፣ አላውቅም።

አሁን የእናትህን አደራ ልንገርህ። ከማረፏ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግተንላት ነበር። ትንፋሽ ያጥራታል። እጄን ይዛ «ሲመጣ ሳይበላ እንዳትቆጪው። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ባዶ ሲሆን ተግሣጽ አይገባውም» አለችኝ። የሚሞት ሰው ምኑ ይነፈጋል? «እሺ እማዬ» አልኳት። ባዶ ተስፋ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ቃል የገባሁ ሰው ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ስለዚህ ቁጣዬን በሙሉ እዚህ ጽፌዋለሁ። እዚያው ጄኖቫ ሆነህ አንብበው፤ እዚያው ጨርሰው። ከዚህ ደጃፍ ስትደርስ የሚጠብቅህ ምግብ ነው። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ፣ በቀትሩ ባቡር ና። ሬጉላ ጣቢያው ላይ ትቆማለች፤ አቅፋ ካልተቀበለችህ አትዘንባት። ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ይቀርባል። ኮንራድ ከጎኔ፣ ሬጉላ ፊት ለፊታችን፣ አንተ እናትህ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር። ከበላህ በኋላ ወደ መቃብሯ እንወስድሃለን። ስምህ ያለበትን ድንጋይ በመንገድህ ታገኘዋለህ፤ ምን እንደሚደረግበት አንተ ተናገር። ሸሚዞችህ ታጥበዋል፤ በዚህ ዓመት ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።

ደረትህን እግዚአብሔር ይፈውስልህ። መንገድህን ያቅናልህ። እናትህን የሰማ አምላክ እኛንም ይስማን።

የእናትህ ምራት